«ያረሰ ብቻ ነው የሚወርስ»

አባዬ፣

አንተ ከሄድክ የላይኛው ማሳ ሁለተኛ ዘሩን ሊቀበል ነው። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ሰው «በረታችሁ ወይ?» ማለቱን ትቷል። እማዬ ጥቁር ቀሚሷን ብታወልቅም ነጠላዋን ዛሬም እንደ ሐዘንተኛ ነው የምትለብሰው። እኔ ደክሞኛል። የምጽፍልህም ደክሞኝ ነው፤ እስክሪብቶው መዳፌ ላይ ያለውን ቁስል እየነካ ያመኛል። የቁስሉን ነገር ቆይቼ እነግርሃለሁ። ነገር ሲቸኩልብህ እንደማትወድ አልረሳሁም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ከሁለቱ በሬዎችህ ሻሽ ደህና ነው። ጎሹን ለተዝካርህ ሸጥነው፤ ከዚያ ወዲህ ሻሽ በረት ውስጥ ሲተኛ የጎሹን ቦታ ትቶ ነው የሚተኛው። የጣሪያውን ቆርቆሮ ነፋስ ገልብጦት ድንጋይ ጭነንበታል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ያውም እዚሁ ደብረ ታቦር፣ መንገድ በማይዘጋበት ቀን በሚኒባስና በእግር ከቤት የምደርስበት። ውጤቴ የመጣ ቀን እማዬ እልል ልትል አፏን ከፈተችና አንተ የምትቀመጥበትን መደብ አይታ መልሳ ዘጋችው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ፣ ሐኪም ልሁን ያለውም መሐንዲስ ልሁን ያለውም፣ የሚወስደው ሎጂክ የሚባል ትምህርት አለ። ብትሰማ «ይኼ ደግሞ ምን ያበላል?» ትል ነበር። እኔም ብያለሁ። ሰው ሲከራከር ንግግሩን መፈታታት ነው፤ እማዬ ጥጥ ስትፈለቅቅ ፍሬውን ለብቻ፣ ጥጡን ለብቻ እንደምታደርገው። ሰውዬው የተነሣበትን «መነሻ» ትለዋለህ፣ የደረሰበትን «መደምደሚያ»። በመካከላቸው «ስለዚህ» የምትባል ቃል ትቆማለች። ትምህርቱ ያቺ «ስለዚህ» በመብቷ ነው የቆመችው ወይስ በጉልበት ገብታ ነው ብሎ መጠየቅ ነው። የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ግን ለአንተ እንደማስረዳ አድርጌ ወደ አማርኛ ካልመለስኩት አይገባኝም።

መምህራችን ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው። ብርዳችንን አልለመደውም፣ ጓንት አድርጎ ነው ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው። አንድ ቀን «ዝናብ ከዘነበ መሬቱ ይረጥባል። ዝናብ አልዘነበም። ስለዚህ መሬቱ አልረጠበም» ብሎ ጻፈና ልክ ነው ወይ ብሎ ጠየቀን። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ልክ ነው» አለ። እኔ የላይኛውን ማሳ አሰብኩ። የጉና ተራራ ጭጋግ ሲወርድ አንዲት ጠብታ ሳትዘንብ ገብሱ እስከ ጉልበታችን ያበሰብሰን የለ? እጄን አወጣሁና «ጭጋግስ?» አልኩት። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ሳቀ። «አያችሁ? ዝናብ አንዱ ምክንያት ነው እንጂ ብቸኛው ምክንያት አይደለም» አለ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ደስታዬ ምን እንዳመጣብኝ ደግሞ ስማ።

ወንድምህ የላይኛውን ማሳ ጠየቀ።

ይህን ከማንም ቀድመህ አንተ መስማት ነበረብህ። ፊት ለፊት አንቱ እላቸዋለሁ፤ ለአንተ ስጽፍ ግን ታናሽህ ነው፣ «እሱ» ልበለው። ባለፈው ክረምት ማሳውን ያረሰልን እሱ ነበር። ለወንድሜ ነፍስ ብሎ ነው ያረሰው፤ እማዬም መርቃዋለች። ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላ መጣና፣ መሬቱ ከአባታችን የወረደ ነው፣ ወንድሜ ወንድ ልጅ አልተወም፣ ዓምና ያረስኩትም እኔ ነኝ፣ እንግዲህ ወደ እኔ ይመለሳል አለ። አራት ወንዶች ልጆች አሉት፤ ያለው መሬት አይበቃቸውም። ይገባኛል። የሚገባኝ መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያደክመኝ።

የላይኛው ማሳ ከሄደ ለእማዬ የሚቀራት የጓሮው ጎመንና ድንች ነው። በዚያ ዓመት አይወጣም። ቤቱን ዘግታ ሰው ቤት ልትጠጋ ነው፤ እኔ ያለኝ የዩኒቨርሲቲው የመኝታ ክፍል አልጋ ነው፤ እሱም የእኔ አይደለም። ፍርድ ቤት እንሂድ አልኳት። «የአባትሽ አጥንት ሳይደርቅ ወንድሙን አልከስም፤ በሽማግሌ ይታይ» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ የአንተን ቃል አወጣች፦ «ይሁን በይ ልጄ።»

ያ «ይሁን» የሚሉት ነገር አባዬ! ድንበር ሲገፉህ ይሁን። በሬህን ተውሰው አንካሳ አድርገው ሲመልሱልህ ይሁን። ትዕግሥት ብለህ ስም አውጥተህ እኔ ስቆጣ «ይሁን በይ» እያልክ አሳደግከኝ። ሰው ደግ ሰው ነበሩ ይልሃል። ነበርክም። ግን ይሁን ስትል የኖርከውን ሁሉ ዛሬ የምንከፍለው እኔና እማዬ ነን።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ድንጋዮቹ ላይ ተቀመጡ። መርጌታ በመካከል፣ አያ ይመር በቀኛቸው፣ ሌሎችም ነበሩ። ወንድምህ ተነሣና ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ «አባቶቼ፣ ነገሬ አጭር ናት። ያረሰ ይወርሳል። እሷ አላረሰችም። ስለዚህ አትወርስም» አለ።

አባዬ፣ ጆሮዬን አላመንኩም። የመምህሩ ዝናብ ነበር! ቃል በቃል እሱው! ልቤ እየዘለለ ተነሣሁና አስተማርኳቸው። ዝናብ ከዘነበ መሬት ይረጥባል፤ አልዘነበም ማለት ግን አልረጠበም ማለት አይደለም፤ ጭጋግ አለ አልኩ። ማረስም እንዲሁ ነው፣ ያረሰ ይወርሳል ማለት ያላረሰ አይወርስም ማለት አይደለም አልኩ። ተናግሬ ስጨርስ መርጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ ስለ ዝናብ ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ። አያ ይመር ቀጠሉና «ተዋት እንጂ፣ ዘንድሮ ክረምቱ ቀደም ብሎ ይገባል ማለቷ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ወንድምህ ግን አልሳቀም። እሱ ሞኝ አይደለም። የት ላይ እንደነካሁት ገብቶታል። «እንግዲያው ልድገመው፣ የተማርሽው» አለኝ። «ያረሰ ብቻ ነው የሚወርስ። አሁንስ?» አሁን አካሄዱ ልክ ሆነ። ያረሰ ብቻ ከወረሰ ያላረሰ አይወርስም፤ የሚያመልጡበት ቀዳዳ የለውም። በአገር ፊት የገዛ ትምህርቴ አፌን ዘጋው። በቀጣዩ እሑድ እንድንመለስ ተባለ። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ደብረ ታቦር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሄድኩ።

መምህሩን ከክፍል በኋላ አስቁሜ ነገርኩት። ጓንቱን እያወለቀ ሰማኝና፣ «አካሄዱ ልክ ከሆነ ከአካሄዱ ጋር አትታገዪ። መነሻው እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ‹ብቻ› የሚል ሰው ራሱን አጋልጧል፤ ሳያርስ የወረሰ አንድ ሰው ካገኘሽለት በቃ» አለኝ። እኔ የሸመደድኩት አካሄዱን ብቻ ነበር። ልክ አካሄድ ውሸትንም ተሸክሞ እንደሚሄድ፣ አህያ የጫኑባትን እንደማትመርጥ ማለት ነው፣ ያን ቀን ገባኝ።

አንድ ሰው። ሳምንቱን በሙሉ አሰብኩ። የባሏን መሬት ይዛ የቀረች መበለት አሰብኩ፤ ባሏ አርሷል ይሉኛል። ከተማ የገባውን የጎረቤታችንን ልጅ አሰብኩ፤ ከመሄዱ በፊት አርሷል ይሉኛል። ከዚያ ልብሴን እያጠብኩ ሳለ የአንተ ሳቅ መጣብኝ። ባለመሬቱ!

አንተው ነህ ያወራኸኝ። አያቴ ሲሞት አንተ ገና ጢም አላወጣህም፤ ወንድምህ ደግሞ ጡት አልጣለም። የሁለታችሁንም ድርሻ አንተ ታርስ ነበር። ሴት አያቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ እሱን በአንቀልባ አዝላው ትመጣለች፤ አንተ በሬዎቹን ታቆምና «ባለመሬቱ መጣ፣ ተነሡለት!» ትላለህ። ስሙ በዚያው ተጣበቀበት። አድጎ ጎጆ ሲወጣ ድርሻውን ከፍለህ ሰጠኸው፤ ያውም ለም የሆነውን፣ የታችኛውን። ዛሬም አገሩ «ባለመሬቱ» ይለዋል፤ ለምን እንደሚለው ግን ማንም አያስበውም።

በቀጣዩ እሑድ ገና አፌን ሳልከፍት አያ ይመር ቀደሙኝ። ሰውዬውን ታውቃቸዋለህ፣ ነገር ሲረዝም ይርባቸዋል። «ምን ያደክመናል? በሬ ይጠመድላትና አንድ ትልም ታውጣ። ካወጣች ማሳው የሷ፣ ካላወጣች የሱ» አሉ። ሳቁ ለጉድ ነበር። ወንድምህ ራሱ «ተስማምቻለሁ! ከፈለገች ሞፈሩን እኔ እሸከምላታለሁ» አለ። ሴት እርፍ ስትጨብጥ በአገራችን ማን አይቶ ያውቃል?

አንተና እኔ እናውቃለን።

ጭጋጉ ሲወርድ፣ ሰው ከሰው በማይተያይበት ጠዋት፣ እርፉን አስጨብጠኸኝ ከኋላዬ ትሄድ ነበር። «አትጫኚው፣ ምሪው እንጂ» ትለኝ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረህ ይሁን ስለወደድክ ጠይቄህ አላውቅም። ጭጋጉ ሲገለጥ ግን እርፉን ከእጄ ትቀበለኝና ወደ አረሙ ትመልሰኝ ነበር። አያ ይመር ያን ሲሉ እጄ በላኝ። አንድ ትልም ቀርቶ ማሳውን ባርስላቸው ወደድኩ። የወንድምህን ፊት ማየት ተመኘሁ። እማዬ ከኋላዬ ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝ፤ በጭጋጉ የምንሠራውን ለካ ታውቅ ኖሯል። በሹክሹክታ «ይሁን በይ። ትችያለሽ እኮ፣ ይሁን በይና ይብቃን» አለችኝ።

ልል ነበር፤ እውነቴን ነው። አንድ ትልም፣ ከዚያ ሁላችንም ወደ ቤታችን። ግን አባዬ፣ ካረስኩላቸው ያ «ብቻ» ልክ ነው ማለቴ ነው። እኔ ስለምችል አመልጣለሁ፤ አባቷ በጭጋግ ያላስተማራት ልጅ ግን ትቀራለች። የእሱን መነሻ ተቀብዬ በጉልበቴ ማሸነፍ ማለት ለሚመጡት ሴቶች ሁሉ በሩን ከውጪ መዝጋት ነው። እናም «አላርስም» አልኩ። ጉርምርምታ ሆነ። እማዬ ቀሚሴን ለቀቀችው።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ። «አያቴ ሲሞት እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«ምን አገናኘው?» አለ ወንድምህ።

አያ ይመር ገና ከሳቃቸው አልወጡም ነበር። «በአንቀልባ ነበራ! ባለመሬቱ ያልነው ለዚያ አይደል እንዴ፣ ወንድሙ እያረሰለት እሱ...» አሉና ሳቃቸው መሃል መንገድ ላይ ቆመ። እጃቸው ጉልበታቸውን ሊመታ ተነሥቶ እንዳለ ቀረ። መርጌታ ቀስ ብለው ዞረው አዩዋቸው።

«በአንቀልባ ያለ ልጅ ያርሳል?» አልኩ። «እንግዲያው አጎቴ ሳያርሱ ወርሰዋል። ያረሰ ብቻ የሚወርስ ከሆነ ደግሞ የታችኛው ማሳ የእርስዎ አይደለም፤ ያረሰው አባቴ ነው።»

ወንድምህ ቀላ። «እኔ ወንድ ነኝ! ማደጌና ማረሴ አይቀርም ነበር!» አለ።

«እንግዲያው ነገርዎ ማረስ አይደለም፣ ወንድነት ነው» አልኩት። «ሞፈሩን አስቀምጠው እሱን ይናገሩት። ሴት አትወርስም ይበሉ። አባቶቼም ይስሙትና ልክ ነው ይበሉ።»

ያን ቃል ማረስ በሚባል ጨርቅ ሸፍነው ሲቀባበሉት ቀልሏቸው ነበር፤ ራቁቱን ሲቆም ግን ማንም የሚያነሣው አልተገኘም። መርጌታ «ይህን እኔ ከአፌ አላወጣም» አሉ። አያ ይመር መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ እሳቸውም እንደ አንተ ወንድ ልጅ የላቸውም። «እኔ ሦስት ሴቶች ነው ያሉኝ» አሉ። «ዛሬ ይህን ብዬ ማታ በየትኛው ፊቴ ቤቴ እገባለሁ?» ከዚያ በኋላ ብዙ አልተባለም። ማሳው የእማዬና የእኔ እንደሆነ ጸንቶ ተበተንን።

አሸነፍኩ እልሃለሁ አይደል? ማሸነፍ እንዲህ የሚያደክም አይመስለኝም ነበር። ወንድምህ መንገድ ላይ ሲያየኝ አጥር ታክኮ ያልፋል። ሚስቱ ከእማዬ ጋር ውኃ መቅዳት ትታለች። ግንቦት ገባና ምርቱን ተካፍሎ የእኩል የሚያርስልን ፈለግን፤ ሰው ሁሉ ወገቤን፣ በሬዬ ታሞ፣ ልጄ ተሞሽሮ ይላል። ወንድምህን ላለማስቀየም ነው። በክርክር የረታሁበት መሬት ጦም ሊያድር ሆነ። ሎጂክ ለዚህ ምዕራፍ የለውም፤ ፈልጌያለሁ።

አያ ይመር ናቸው አንድ ቀን ሳይጠሩ የመጡት። ዳማ የሚባለውን በሬያቸውን እየነዱ። «የእናንተ ሻሽ ብቻውን ነው፤ ከዚህ ጋር ይቀናጅ። አራሽ ግን አልሰጥሽም፣ ከባለመሬቱ ጋር አታጣዪኝ» አሉና በሬውን ከግንዱ አስረው ሄዱ።

ዓርብ ዕለት ክፍል አልነበረኝም፤ በዓልም አልነበረም። ሻሽንና ዳማን ጠመድኩና ወደ ላይ ወጣሁ። አባዬ፣ ጉና ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። የጭጋግ ቅዳጅ እንኳን አልነበረም። ከታች ከመንገዱ፣ ከማዶ ከግጦሹ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። አንዱ «ኧረ ጉድ! ጀማሪዋን ተመልከቷት፣ ትልሙ እባብ ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፣ እባብ ነበር። ዳማ አያውቀኝም፣ እየጎተተ ፈር አስለቀቀኝ። እርፉ መዳፌን ላጠው። ወንድምህም ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ አልሳቀም፣ አላገዘኝምም። «አሁን አረስሽ፣ አሁን መሬቱ ያንቺ ሆነ» የሚለኝ ቢኖር ለመመለስ ተዘጋጅቼ ነበር፦ መሬቱ የእኔ የሆነው እሑድ ነው፤ ዛሬ የማርሰው መታረስ ስላለበት ነው። የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

አንድ ነገር ልንገርህና ተቀየመኝ። እያረስኩ ተናድጄብህ ነበር። ለምን በጭጋግ ብቻ? እርፉን ስታስጨብጠኝ አንድ ሰው ቢያይ ኖሮ፣ በሕይወትህ ሳለህ አንዴ ደጀ ሰላም ቆመህ «ይህ ማሳ የልጄ ነው» ብትል ኖሮ፣ ያ ሁሉ እሑድ ይቀር አልነበር? ይሁን ከማለት ያን ብትል ምን ነበረበት? እስከ ማሳው ዳር ስደርስ ተናድጄ፣ በሬዎቹን ስመልስ ደግሞ «አትጫኚው፣ ምሪው» የሚለው ድምፅህ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ባትፈራ ኖሮ እላለሁ። ደግሞ ፈርተህም ቢሆን ማስተማርህን አልተውክም እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም።

እማዬ በጠዋቱ ፊቷን ሸፍና ቤት ቀርታ ነበር፤ አንድ ትልም ሌላ ነው፣ ቀኑን ሙሉ በአገር ፊት ማረሴን ግን እንደ ነውር አይታው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ቀና ብል ማሳው ዳር ቆማለች። ምሳ ይዛለች። ነጠላዋን ከአንገቷ አውርዳ እንደማንኛውም ሰው ለብሳዋለች። የቆመውን ሕዝብ፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ወንድምህን፣ የእኔን ጠማማ ትልም ሁሉንም በየተራ አየችና፣ አገር እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራችኝ፦

«ባለመሬቷ! በሬዎቹን አቁሚና ምሳሽን ብዪ!»

ተቀምጠን በላን። ሁለታችንም ደክሞን ነበር።

አባዬ፣ ፈተናዬ ቀርቧል፤ ማሳውም ከዘር በፊት ሁለት ጊዜ መገልበጥ አለበት። ሁለቱንም እወጣቸዋለሁ። ስምህን የሚያነሣ ሲኖር «ደግ ሰው ነበሩ» ብሎ እንዲያልፍ አልተውም፤ እርፍ ያስጨበጠኝ እሱ ነው እላለሁ። ልጅ ከወለድኩ፣ ሴትም ሆነች ወንድ፣ እዚያው ማሳ ላይ እርፍ አስጨብጬ የአያትህ እጅ ነው፣ የአያትሽ እጅ ነው እላለሁ። አንተ ተኝተህ ዕረፍ። እኔ የማስታውስህ በጠራ ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ እያየ።

ልጅህ ትዕግሥት